የአንድ ዘፈን ሁለት ባለቤቶች፦ የሮያሊቲ ክፍያ ከየት ተነሥቶ ወዴት ይደርሳል?

(በፋኩልቲው የሕዝብ ትምህርታዊ ገለጻ መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ይህን ርእስ ሳስተምር ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ «አንድ ሚሊዮን ዕይታ ስንት ብር ያስገኛል?» የሚል። ጥያቄው ቅን ነው፤ ነገር ግን እንደ ተጠየቀ ሊመለስ አይችልም። ከእርሱ በፊት መቅደም የነበረባቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉና። ብሩ የማን ነው? የሚከፈለውስ በየትኛው መብት ላይ ተመሥርቶ ነው? ዛሬ ማታ የምናገረው በእነዚህ ላይ ነው።

አስቀድሜ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። «ሮያሊቲ» ከንግሥና ጋር የተያያዘ የባዕድ ቃል ነው። ነገሥታት በግዛታቸው ከሚወጣው ማዕድን ይቀበሉት የነበረውን ድርሻ ያስታውሳል። በአገራችን የማዕድን ሕግም ወርቅ የሚያወጣ ሰው ለመንግሥት የሚከፍለው ድርሻ እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራል። በሙዚቃ የንጉሡን ቦታ የያዘው ሥራውን የፈጠረው ሰው ነው። ሌላው ሰው በሥራው ሲጠቀም፣ በተጠቀመ ቁጥር ለባለቤቱ የሚከፍለው ድርሻ ሮያሊቲ ነው። ስለዚህ ከሽልማትም ከድጎማም ይለያል፤ ከቤት ኪራይ ጋር ብታመሳስሉት ግን ከእውነቱ ብዙም አትርቁም።

እንግዲህ የኪራዩ ቤት የማን ነው? አንድ ዘፈን ለጆሮ አንድ ነው፤ በሕግ ዓይን ግን ሁለት ንብረት ነው። የመጀመሪያው ግጥሙና ዜማው ነው። ይህ ማንም ሳይዘፍነውና ማንም ሳይቀዳው አስቀድሞ የተወለደ ንብረት ነው፤ ባለቤቶቹም ገጣሚውና የዜማ ደራሲው ናቸው። አዋጃችን «የሥራ አመንጪ» ይላቸዋል። ሁለተኛው ንብረት የተቀዳው ድምፅ ነው፤ ድምፃዊው በአንድ ቀን፣ በአንድ ስቱዲዮ የዘፈነው፣ እነ እገሌ በኪቦርድና በማሲንቆ ያጀቡት ያ የተወሰነ ቅጂ። በዚህኛው ላይ ያለው መብት «ተዛማጅ መብት» ይባላል፤ ባለ መብቶቹም ከዋኙና ገንዘብ አውጥቶ ቅጂውን ያዘጋጀው ፕሮዲውሰር ናቸው። ያው ግጥምና ዜማ በአሥር ድምፃውያን ቢቀዳ የመጀመሪያው ንብረት አንድ እንደ ሆነ ይቀራል፤ የሁለተኛው ዓይነት ንብረት ግን አሥር ይሆናል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ሥነ ጽሑፍና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት የደነገገ ቢሆንም፣ ለከዋኙና ለፕሮዲውሰሩ የተለየ ጥበቃ ያበጀው ግን አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት የሥራ አመንጪው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ የከዋኙና የፕሮዲውሰሩ መብት ደግሞ ለ50 ዓመት። ከዚህ የምንረዳው ሮያሊቲ ከባለቤቱ ዕድሜ አልፎ ለልጆቹ የሚተርፍ ንብረት መሆኑን ነው። የዛሬው ጉዳይ የባለሙያዎች ክርክር ብቻ ሳይሆን የውርስ ጉዳይ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቃል ወጥመድ አለ። በካሴቶቻችን ሽፋን ላይ «አሳታሚና አከፋፋይ» ተብሎ የሚጻፈው ሙዚቃ ቤቱ ነው፤ ቅጂውን ገዝቶ ወይም አስቀድቶ የሚያባዛው ማለት ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ የሙዚቃ አሳታሚ የሚባለው ግን ግጥሙንና ዜማውን የሚያስተዳድረው ድርጅት ነው፤ ከቅጂው ጋር ጉዳይ የለውም። አንድ የዜማ ደራሲ ከውጭ በመጣ ውል ላይ ይህን ቃል እንደ አገር ቤቱ ተርጉሞ ቢፈርም፣ ካሴት የማባዛት ፈቃድ የሰጠ መስሎት ዜማውን ራሱን አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል።

ሁለቱ ንብረቶች በተግባር እንዴት እንደሚለያዩ የምታውቁትን ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው በጂም ጃርሙሽ ፊልም «ብሮክን ፍላወርስ» ውስጥ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ናስና ዴሚያን ማርሊ በጋራ ባወጡት አልበም ላይ ከ«የግሌ ትዝታ» የተወሰደ ቅንጭብ አለ። የቆየ ቅጂን ከፊልም ጋር ለማጣመርም ሆነ ቆርጦ በአዲስ ዘፈን ውስጥ ለማስገባት በሕግ ሁለት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አንዱ ከዜማው ባለቤት፣ ሌላው ከቅጂው ባለቤት። ዜማውን ብቻ ፈልጎ በራሱ ባንድ እንደ ገና የሚያስቀዳ ሰው ግን ከመጀመሪያው ጋር ብቻ ይዋዋላል። ሁለቱ ባለቤቶች አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ብዙውን ጊዜ ግን አይደሉም።

አሁን ገንዘቡ ወደሚሰበሰብበት መንገድ ልለፍ። ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ ካፌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 ኤርነስት ቡርዤ የተባለ ደራሲ በፓሪስ ካፌ ዴዛምባሳደር ተቀምጦ ሳለ የራሱን ሥራ ሲጫወቱ ሰማ። ሒሳብ ሲጠየቅ አልከፍልም አለ፤ እናንተ በእኔ ሥራ ያለ ክፍያ የምትጠቀሙ ከሆነ እኔም በእናንተ መጠጥ ያለ ክፍያ እጠቀማለሁ ነው ነገሩ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ደራሲው ረታ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1851 እስከ ዛሬ የሚሠራው የፈረንሳይ የደራስያንና የዜማ ደራስያን ማኅበር፣ ሳሴም፣ ተመሠረተ።

ቡርዤ ዕድለኛ ነበር፤ ሥራውን ሲጫወቱ በዚያው ተቀምጦ ነበርና። ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ፣ በየሆቴሉ አዳራሽ፣ በየኤፍ ኤም ጣቢያው፣ በየሠርግ ቤቱ የሚሰማውን ዘፈን አንድ የዜማ ደራሲ ብቻውን እየዞረ ሊያስከፍል አይችልም። የሆቴሉ ባለቤትም ቢሆን ለእያንዳንዱ ዘፈን ባለቤቱን እየፈለገ ፈቃድ ሊጠይቅ አይችልም። የጋራ አስተዳደር ማኅበር የተፈለገው ለሁለቱም ነው። ማኅበሩ ብዙ ሥራዎችን በአንድ ላይ ይዞ ለተጠቃሚው የጅምላ ፈቃድ ይሰጣል፤ ዓመታዊ ክፍያ ይሰበስባል፤ የአስተዳደር ወጪውን ቀንሶ የቀረውን ለአባላቱ ያከፋፍላል። በእኛ አገር ለዚህ ዓይነት ማኅበርና ለሮያሊቲ አሰባሰብ መንገድ የጠረገው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872/2007 ነው።

መሰብሰቡ የሥራው ቀላል ክፍል ነው። እውነተኛው ፈተና ማከፋፈሉ ነው፤ ለማን ስንት? ይህን የሚወስነው ጣቢያዎች የሚይዙት የስርጭት መዝገብ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ የተላለፈው ዘፈን ርእሱ ምን ነበር? ማን ዘፈነው? ማን ጻፈው? አብዛኛው የሬዲዮ አቅራቢ የድምፃዊውን ስም ይናገራል፤ የገጣሚውን ግን እምብዛም አያነሣም። ማኅበሩ የተሟላ መዝገብ ካልደረሰው በግምት ያከፋፍላል፤ ግምት ደግሞ ሁልጊዜ የሚያደላው ለታወቀው ሰው ነው።

የአሜሪካን ሁኔታ ለብቻው ላንሣ፤ ብዙ የአማርኛ አድማጭ የሚኖርበት አገር ነውና። በአሜሪካ በአየር ሞገድ የሚተላለፍ ሬዲዮ ለግጥሙና ለዜማው ባለቤቶች ይከፍላል፤ ለድምፃዊውና ለቅጂው ባለቤት ግን ምንም አይከፍልም። እ.ኤ.አ. በ1961 የተደረገው የሮም ስምምነት ለከዋኞችና ለፕሮዲውሰሮች ከስርጭት የሚገኝ ተመጣጣኝ ክፍያን ያወቀ ቢሆንም፣ አሜሪካ የዚህ ስምምነት አባል አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ሕግ ክፍተቱን በከፊል የዘጋው ለዲጂታል ስርጭት ብቻ ነው። በሳተላይትና በኢንተርኔት ሬዲዮ ሲተላለፍ የሚከፈለውን ሳውንድ ኤክስቼንጅ የሚባል ተቋም ሰብስቦ 50 በመቶውን ለቅጂው ባለቤት፣ 45 በመቶውን ለዋናው ከዋኝ፣ 5 በመቶውን ለአጃቢ ሙዚቀኞችና ድምፃውያን ያደርሳል። እንግዲህ ያው አንድ የአማርኛ ዘፈን በዋሽንግተን በኤፍ ኤም ሲሰማ ድምፃዊው የሚያገኘው የለም፤ ክፍያው በሚመለከተው የኢንተርኔት ሬዲዮ ሲሰማ ግን ድርሻ አለው። ለዚያውም ድርሻው በቀጥታ እንጂ በሙዚቃ ቤቱ በኩል ስለማይከፈል፣ የቀድሞ ዕዳ አይቀነስበትም። ነገር ግን ተመዝግቦ መጠየቅ አለበት።

አሁን ወደ «አንድ ሚሊዮን ዕይታ» ልመለስ። በስትሪሚንግ የሙዚቃ አገልግሎቶች ለአንድ ጊዜ ማድመጥ የተቆረጠ ዋጋ አለ ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። የለም። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ አገልግሎቱ በአንድ አገር በወሩ ያገኘውን የአባልነትና የማስታወቂያ ገቢ በአንድ ገንዳ ያጠራቅማል፤ በግምት ሲሶውን ለራሱ ያስቀራል፤ የቀረውን በወሩ ውስጥ እያንዳንዱ ዘፈን ከጠቅላላው ማድመጥ በያዘው ድርሻ ያካፍላል። እኔ ወሩን ሙሉ ከአንድ የትዝታ ድምፃዊ ሌላ ያላደመጥሁ ብሆን እንኳ የከፈልሁት ገንዘብ ለእርሱ ብቻ አይደርስም፤ ወደ ገንዳው ገብቶ በአብዛኛው ለማላውቃቸው ዘፋኞች ይሄዳል። የየአገሩ ገንዳ የተለየ ስለሆነም የአባልነቱ ዋጋ ውድ በሆነበት አገር ያለ አድማጭ ርካሽ ከሆነበት አገር አድማጭ የበለጠ ያስገኛል። ስፖቲፋይ በበኩሉ ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ በ12 ወራት ውስጥ ቢያንስ 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን በቅጂው በኩል አይከፍልም።

ከገንዳው የሚወጣው ገንዘብም ሁለቱን ንብረቶች ተከትሎ ለሁለት ይከፈላል፤ ትልቁ እጅ ለቅጂው ነው። በአሜሪካ ለግጥምና ዜማ በሕግ የተወሰነው መነሻ ከአገልግሎቱ ገቢ 15 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ለቅጂው የሚሄደው ከግማሽ በላይ ነው። ይህ ክፍፍል ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ቅጂ ያለ ዜማ አይኖርም፤ ዜማ ግን ያለዚያ ቅጂም ይኖራል። ይሁን እንጂ የገበያው ኃይል ያለው በቅጂ ባለቤቶች እጅ ነውና ክፍፍሉ እንዲህ ሆኗል።

ገንዘቡ ለቅጂው ባለቤት ደረሰ እንበል። ለድምፃዊውስ? ይህን የሚወስነው ውል ነው። በሁለት ዓይነት ውል ላይ ቆም ልበል።

የመጀመሪያው የቅድሚያ ክፍያ ውል ነው። ለማስረዳት ያህል በፈጠርኋቸው ቁጥሮች ላስላ። አንድ ኩባንያ ለድምፃዊቷ 400,000 ብር ቅድሚያ ይከፍላል፤ ለስቱዲዮና ለቅንብር 200,000 ብር ያወጣል። በውሉ መሠረት የእርሷ ድርሻ ከገቢው 15 በመቶ ነው፤ ድርሻዋን መቀበል የምትጀምረው ግን 600,000 ብሩ ከተመለሰ በኋላ ነው። አልበሙ 2,000,000 ብር አስገባ። ብዙ ሰው ወጪው ተመልሷል፣ 1,400,000 ብር ተርፏል፣ ከእንግዲህ ትከፈላለች ይላል። አይደለም። ወጪው የሚመለሰው ከጠቅላላው ገቢ ሳይሆን ከእርሷ 15 በመቶ ነው። የእርሷ ድርሻ 300,000 ብር ነው፤ ስለዚህ ኩባንያው 1,400,000 ብር እያተረፈ እርሷ ገና 300,000 ብር ባለ ዕዳ ናት። ዕዳው የሚያልቀው ገቢው 4,000,000 ብር ሲደርስ ነው። ያን ጊዜም ቅጂው የኩባንያው ነው። የቤት ብድሩን ተበዳሪው ከፍሎ ሲጨርስ ቤቱ የባንኩ ሆኖ እንደሚቀር አስቡት።

ኩባንያው አጭበርብሯል አልልም። አልበሙ ባይሸጥ ኖሮ ኪሳራው የእርሱ ነበር፤ ድምፃዊቷ የተቀበለችውን ቅድሚያ ከኪሷ አትመልስም። የምለው አንድ ነገር ነው፤ በእንዲህ ዓይነት ውል ላይ መቶኛው ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። መቶኛው ከምን ላይ ይሰላል? የትኞቹ ወጪዎች ይቀነሳሉ? ቅጂውስ ስንት ዓመት በእነርሱ እጅ ይቆያል?

ሁለተኛው እኛ ዘንድ ለረጅም ዘመን የኖረው ነው፤ በአንድ ጊዜ ሸጦ መገላገል። ገጣሚው በግጥም፣ የዜማ ደራሲው በዜማ፣ ድምፃዊው በአልበም ተስማምቶ ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ ካሴቱ 5,000 ይሸጥ 500,000 ለእርሱ ለውጥ የለውም። የካሴት ገበያ በቅጂ ዘራፊዎች በተጥለቀለቀበት ዘመን ይህ ሞኝነት አልነበረም፤ ነገ የሚመጣ ድርሻ ማንም ሊያረጋግጥ በማይችልበት ሁኔታ ዛሬ በእጅ የገባ ብር ይሻላል። ችግሩ የሸጡት ምን እንደ ሆነ አለመጻፉ ነው። ካሴት የማባዛት መብት ነበር? ወይስ ያን ጊዜ ያልታሰበውን ስትሪሚንግ፣ ፊልምና የስልክ ጥሪ ዜማ ሁሉ ይጨምራል? አዋጃችን የኢኮኖሚያዊ መብት ዝውውር በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። በቃል ተስማምተው በወዳጅነት የተለያዩ ሰዎች ልጆች ግን ዛሬ ፍርድ ቤት ይገናኛሉ።

በዚህ ረገድ ከአህጉራችን የተገኘው ትልቁ ትምህርት የሰሎሞን ሊንዳ ጉዳይ ነው። ሊንዳ ደቡብ አፍሪካዊ የዙሉ ተወላጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 በጆሃንስበርግ በጋሎ ስቱዲዮ «ምቡቤ» የተባለውን ዘፈን ከቡድኑ ጋር አስቀዳ፤ ለመብቱም እንደሚነገረው 10 ሺሊንግ ተቀበለ። ሸክላው አሜሪካ ደረሰ፤ ፒት ሲገር ሰማው፤ ዊቨርስ የተባለው ቡድኑ «ዊሞዌ» ብሎ ዘፈነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ቶክንስ የተባለ ቡድን የእንግሊዝኛ ግጥም በተጨመረበት አቀራረብ አወጣው፤ በአሜሪካ የሽያጭ ሠንጠረዥም አንደኛ ሆነ። በ1994 ደግሞ «ላየን ኪንግ» በተባለው የዲዝኒ ፊልም ውስጥ ተሰማ። ሊንዳ እ.ኤ.አ. በ1962 በድህነት ሞተ፤ ሴቶች ልጆቹም በሶዌቶ በችግር ኖሩ።

ሁለት ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። የመጀመሪያው፣ ዊቨርስ ዘፈኑን የባህል ዘፈን ነው ብለው አምነው ነበር፤ ለባህል ዘፈኖች በሚጠቀሙበት የጋራ የብዕር ስም ነው ያስመዘገቡት። የአፍሪካ ዜማ ነው፣ ስለዚህ የማንም አይደለም፤ እንዲህ ነበር አስተሳሰቡ። ሁለተኛው፣ መፍትሔው የመጣው ከአሮጌ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. የ1911 የእንግሊዝ የቅጂ መብት ሕግ በደቡብ አፍሪካ ይሠራ ስለነበር፣ ደራሲው መብቱን ቢሸጥ እንኳ ከሞተ ከ25 ዓመት በኋላ መብቱ ወደ ወራሾቹ ይመለሳል ይላል። 1962 ላይ 25 ሲደመር 1987 ነው፤ ፊልሙ የወጣው በ1994 ነው። የሊንዳ ንብረት አስተዳዳሪ በዚህ ላይ ተመሥርቶ በ2004 ዲዝኒን ከሰሰ፤ ክርክሩ እ.ኤ.አ. በ2006 በስምምነት አለቀ፤ ቤተሰቡ ላለፈው ካሳ፣ ለወደፊቱም የሮያሊቲ ድርሻ አገኘ። የአሜሪካ ሕግም ከ1978 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደራሲው ራሱ መብቱን ካስተላለፈ ከ35 ዓመት በኋላ፣ አስቀድሞ ማስታወቂያ ሰጥቶ፣ ዝውውሩን እንዲያቋርጥ ይፈቅዳል። ሁለቱም ሕጎች የተመሠረቱት በአንድ እውነት ላይ ነው፤ ዘፈን ገና ሳይሰማ ዋጋውን ማንም አያውቅም፣ ሻጩም ገዢውም።

ይህን ይዤ ወደ ቤታችን ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ አምሃ ሬከርድስን አቋቁሞ ከ1975 በፊት ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ሸክላ አሳተመ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የዚያ ዘመን ሥራዎች በፈረንሳይ ኢትዮፒክስ በሚል ተከታታይ ስብስብ እንደ ገና ታትመው በዓለም ተሰሙ። እንዲህ ያለ የቆየ ሥራ እንደ ገና ሲወጣ ቅጂው የማን እንደ ሆነ ማወቅ ብዙ አያስቸግርም፤ ሸክላው ላይ የአሳታሚው ምልክት አለ። የድምፃዊው ስምም አለ። ግጥሙንስ ማን ጻፈው? ሳክስፎኑን ማን ተጫወተው? ለብዙ ሥራ መልሱ ያለው በአዛውንት ሙዚቀኞች ትዝታ ውስጥ ነው፤ እነርሱም በየዓመቱ እያነሱ ነው።

ከዚህ የባሰው ግን በሽፋኖቻችን ላይ «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» ብለን የምንጽፈው ነው። በእውነት የሕዝብ የሆነ ዜማ አለን፤ በብዙ። ነገር ግን ደራሲውን መጠየቅ ያታከተው ሰው የጻፈው «የሕዝብ» እንዳለም ሁላችንም እናውቃለን። አዝማሪው በጠጅ ቤት የፈጠረው፣ ከአፍ ወደ አፍ ሄዶ በሌላ ሰው አልበም ላይ የወጣው ስንቱ ነው? በመዝገብ ላይ ሲሰፍር ያ ቃል ባለቤት የለውም ማለት ነው፤ አዲስ ቅንብር የሠራለት የመጀመሪያው ሰው ደግሞ በቅንብሩ ላይ ሕጋዊ መብት ያገኛል። ለሊንዳ ልጆች ያን ያህል ዓመት ያስከፈላቸው ይኸው አስተሳሰብ ነበር።

ስለዚህ ከስቱዲዮ ሳትወጡ፣ ዘፈኑ ገና ተወዳጅ ሳይሆንና ማንም ለመጣላት ምክንያት ሳይኖረው፣ አንድ ገጽ ወረቀት ጻፉ። የግጥም፣ የዜማና የቅንብር ሠሪዎች ሙሉ ስም እስከ አያት፤ ለእያንዳንዱ ከመቶ ስንት እንደሚደርሰው፤ የተጫዋቾች ስም ከነመሣሪያቸው፤ ቅጂው የማን እንደ ሆነና ለስንት ዓመት፤ ቀኑ፤ ፊርማ። ቅጂው አይኤስአርሲ የሚባለውን ባለ 12 ፊደልና ቁጥር መለያ፣ ድርሰቱ ደግሞ አይኤስደብሊውሲ የሚባለውን መለያ ያገኛል፤ ሁለቱ እንደማይተካኩ ከላይ ካልሁት ትረዳላችሁ። የሥራውን ርእስ በላቲን ፊደል ስታስመዘግቡ አንድ አጻጻፍ መርጣችሁ በእርሱ ጽኑ፤ «ትዝታ» በአራት ዓይነት ከተጻፈ ለኮምፒውተሩ አራት ዘፈን ነው፣ ገንዘቡም አራት ቦታ ተበትኖ ባለቤት አጥቶ ይቀመጣል።

ሰዓቴን ጨርሻለሁ። አወያያችን እንደ ነገሩኝ ከአዳራሹ በጽሑፍ የደረሱ ጥያቄዎች አሉ፤ የመጀመሪያው ስለ አቀናባሪዎች ድርሻ ይመስለኛል። ከእርሱ ልጀምር።